ቀላልነት፤ ንቀት ወይስ አክብሮት? የሞዛርትን አንድ ሞቴት መነሻ በማድረግ

ኪነ ጥበብ ለማን ናት የሚለው ጥያቄ በብዙ አገርና በብዙ ዘመን ብዙ ቀለም ያፈሰሰ ጥያቄ ነው። በእርሱ ጥላ ሥር ተሸፍኖ የኖረ፣ በክብደቱ ግን ከእርሱ የማያንስ ሌላ ጥያቄ አለ። አንድ ከያኒ ሥራውን ለብዙዎች አቅም እንዲመጥን አድርጎ ሲያቀልለው፣ የሚያቀልልላቸውን ሰዎች አከበራቸው ወይስ ናቃቸው? ጥያቄው የውበት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ጥያቄ ነው፤ በመካከሉ ሰው አለና።

መልሱ ከሁለት ወገን ፈጥኖ ይመጣል። አንደኛው ወገን «ቀለል ይበል፤ ከባድ ከሆነ ሕዝቡ አይገባውም» ይላል። አባባሉ ለሕዝብ የተቆረቆረ ይመስላል፤ ነገር ግን «አይገባውም» በምትለዋ ቃል ውስጥ ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቀላል የሆነው ሁሉ ርካሽ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ የሥራውን ታላቅነት ከደጃፉ በቀሩት ሰዎች ብዛት ይለካል። እነዚህ ሁለት ወገኖች ባላንጣ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ለሁለቱም ማቅለል ማለት ዝቅ ማለት ነው። አንዱ ዝቅ ማለቱን ይወደዋል፣ ሌላው ይጠላዋል፤ ልዩነታቸው ከዚህ አያልፍም። ይህ የጋራ እምነታቸው ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ረጅም ድርሳን ከማገላበጥ ይልቅ፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚወስድ አንድ የሙዚቃ ድርሰት ቀረብ ብሎ ማየት ይበልጥ ይጠቅማል። እርሱም ቮልፍጋንግ አማዴዎስ ሞዛርት በ1791 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «አቬ ቬሩም ኮርፑስ» በሚባለው የላቲን ጸሎት ላይ የደረሰው ሞቴት ነው።

ሞቴት በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሚታወቅ የድርሰት ዓይነት ነው። በኋለኞቹ ዘመናት ስሙ በተለይ የሚያመለክተው በላቲን ቅዱስ ቃል ላይ ለመዘምራን የሚደረሰውን፣ ከቅዳሴው ቋሚ ክፍሎች ውጪ ለበዓሉ ወይም ለሰዓቱ ተስማምቶ የሚገባውን አጭር መዝሙር ነው። የዚህኛው ቃል ከ14ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የሚታወቅ የቅዱስ ቁርባን ጸሎት ሲሆን፣ ለክርስቶስ ሥጋ ሰላምታ ያቀርባል፤ በመስቀል ላይ መሠዋቱንና ጎኑ መወጋቱን ያስታውሳል፤ በመጨረሻም በሞት ፈተና ሰዓት ስንቅ እንዲሆን ይለምናል። ሞዛርት ሥራውን የደረሰው ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባስ ለሚባሉት አራት የመዘምራን ድምፆች ሲሆን፣ አጃቢዎቹ ጥቂት ባለ አውታር መሣሪያዎችና ኦርጋን ናቸው። ቫዮሊንና ቪዮላ በማይገኝበት ደብርና ትምህርት ቤት ኦርጋኑ ብቻውን ይበቃል፤ ዛሬም በብዙ ቦታ የሚሰማው በዚሁ አኳኋን ነው።

የኦርጋኑ ጠባይ ለነገሩ ቁም ነገር ስላለው ጥቂት ቃል ይገባዋል። ኦርጋን ነፋስ በቧንቧዎች ውስጥ እየገባ ድምፅ የሚያሰጠው መሣሪያ ነውና፣ ጣት ከቁልፉ ላይ እስካልተነሣ ድረስ ድምፁ አይደክምም። የሰው ትንፋሽ ግን ያልቃል። ትንፋሽ የሚያልቅበትና ትንፋሽ የማያልቅበት ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ የማያልቅበት ጉልበቱን ካልቆጠበ ሌላውን ይውጠዋል። በዚያ ዘመን ልማድ ኦርጋኒስቱ በፊቱ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የታችኛውን ድምፅ መስመር ብቻ ነበር፤ በላዩ ያለውን ኅብረ ድምፅ በራሱ ዕውቀትና ማስተዋል ይገነባዋል። ለመዘምራኑ ምርኩዝ መሆን ወይም በላያቸው መጫን በእርሱ እጅ ነበር ማለት ነው።

ሥራው የተወለደበት ሁኔታ ታላቅ የሚባል አይደለም። ባደን ከቪየና በስተደቡብ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በፍል ውኃዋ የታወቀች ትንሽ ከተማ ናት። የሞዛርት ባለቤት ኮንስታንሴ ስድስተኛ ልጇን አርግዛ ሳለች በዚያ ፍል ውኃ ለመታከም ከርማ ነበር። በከተማይቱ ደብር መዘምራኑን የሚመራው አንቶን ሽቶል የሚባል ሰው ሲሆን፣ መተዳደሪያው የትምህርት ቤት መምህርነት ነበር። ሞዛርት ለባለቤቱ ምድር ቤት ላይ ትንሽ ማረፊያ እንዲፈልግላት በደብዳቤ የለመነው ይህንኑ መምህር ነው። ሁለቱ ሰዎች በቀልድ የሚግባቡ ወዳጆች ነበሩ፤ ሞዛርት በሽቶል ስም ቤት እየመታ የሚያሾፍበት ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ሽቶልም በፊናው የሞዛርትን የቅዳሴ ድርሰቶች በደብሩ ያዘምር ነበር። ሞቴቱ በደራሲው እጅ የተጻፈበት ቀን ጁን 17፣ 1791 ዓ.ም. ነው።

ደራሲው በዚያው ሰሞን «አስማተኛው ዋሽንት» የተባለውን ኦፔራ እየሠራ ነበር፤ ይኸው ኦፔራ በሴፕቴምበር 30 ለሕዝብ ቀረበ። አንድ ወር አስቀድሞ፣ በሜይ፣ የቪየና ከተማ ምክር ቤት የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል የሙዚቃ አለቃ ረዳት አድርጎ ሾሞት ነበር፤ ሹመቱ ደመወዝ የለውም። ያረጀው አለቃ ሲሞት ቦታውን ይወርሳል የሚል ተስፋ ብቻ ነበረው። አለቃው ግን በሕይወት ከእርሱ በለጠ። በዚህ ሁሉ መካከል ነው እንግዲህ ለአንዲት ትንሽ ከተማ መዘምራን ሦስት ደቂቃ የሚሞላ መዝሙር የጻፈው።

ሞዛርት ከልጅነቱ ጀምሮ ከአጭርነት ትእዛዝ ጋር የኖረ ሰው ነበር። በተወለደባት በሳልዝቡርግ ከ1772 ዓ.ም. ጀምሮ የገዙት ሊቀ ጳጳስ ኮሎሬዶ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ እንዲያጥር ይፈልጉ ነበር። በ1776 ዓ.ም. ቦሎኛ ለነበሩት ለሊቁ ለአባ ማርቲኒ በሞዛርት ስም የተላከው ደብዳቤ እንደሚያስረዳው፣ ሊቀ ጳጳሱ ራሳቸው የሚቀድሱበት ታላቅ ቅዳሴ እንኳ ከነሙዚቃው ከሦስት ሩብ ሰዓት በላይ እንዲሄድ አይፈቀድም ነበር። ወጣቱ ደራሲ በዚህ ልክ ውስጥ በርካታ አጫጭር ቅዳሴዎችን ደርሷል፤ ከመካከላቸው ውብ የሆኑ አሉ። በ1781 ዓ.ም. ከዚያ ቤት ሲወጣ ግን የስንብቱ ማኅተም፣ ራሱ ለአባቱ እንደጻፈው፣ ከሊቀ ጳጳሱ ሹማምንት የአንዱ እርግጫ ነበር።

ቪየና ሲገባ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ጠበቀው። ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ዳግማዊ አገሩን በምክንያትና በጥቅም ሚዛን እንደገና ለማዋቀር የተነሣ ገዥ ነበር። በ1783 ዓ.ም. ለቪየና አብያተ ክርስቲያናት የወጣው ደንብ በመሣሪያ የታጀበው ሙዚቃ የሚሰማበትን ቀንና ቦታ ወሰነ፤ ምእመናን በራሳቸው ቋንቋ በጀርመንኛ አብረው የሚዘምሩትን ቀላል መዝሙርም አበረታታ። የዘመኑን መንፈስ የሚያሳይ ሌላ ደንብም አለ፤ በ1784 ዓ.ም. ሙታን ሁሉ ከታች በሚከፈት፣ ደግሞ ደጋግሞ በሚያገለግል አንድ ሣጥን እንዲቀበሩ ታዘዘ። እንጨት ይቆጥባል ተብሎ ነው። ሕዝቡ አምርሮ ስለተቃወመ ትእዛዙ ሳይውል ሳያድር ተሻረ።

ለንጉሠ ነገሥቱ ግን ፍርድ ሊጓደልበት አይገባም። ያነሣው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። በማያውቀው ቋንቋ የሚዜመውን፣ በራሱ አፍ የማይዘምረውን እየሰማ ዝም ብሎ የሚቆም ሕዝብ ከአምልኮው ድርሻው ምንድን ነው? ቅዳሴና ማሕሌት በግዕዝ ሲሰማ ያደገ አንባቢ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ የቃሉን ፍች በሙሉ ሳይዝ የዜማውን ስሜት ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ምእመን በሁለቱም አገር አለ። ይህ ማጣት ነው ወይስ ሌላ ዓይነት ማግኘት የሚለው ክርክር በአንድ ደንብ የሚዘጋ አልነበረም፤ ዮሴፍ ግን በደንብ ሊዘጋው ሞከረ። ከእናቱ ከማሪያ ቴሬዛ ዘመን፣ ከ1774 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በግዛቱ ለሁሉም ልጆች የታሰበ የትምህርት ሥርዓት ተዘርግቶ ነበር። በየመንደሩና በየትንሹ ከተማ ልጆችን ፊደል የሚያስቆጥረውና እሑድ መዘምራንን የሚመራው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ስለነበረ፣ እንደ ሽቶል ያለውን መምህር ሁለቱም ደንቦች ይመለከቱት ነበር።

የትእዛዙ ድካም ከቀናው ሐሳቡ ላይ አልነበረም። ድካሙ ትእዛዝ መቀነስን እንጂ መጨመርን የማይችል በመሆኑ ነው። ይህ ይቅር፣ ያ ይጠር፣ ይህን ያህል ደቂቃ አይለፍ ማለት ይችላል። የቀረው ጥቂት ነገር ግን ምን ያህል የተሟላ መሆን እንዳለበት የሚናገር አንቀጽ በውስጡ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ከዚህም ሌላ ትእዛዝ የሚያውቀው ሕዝብ የተባለውን ስም ነው፤ በዚያ ስም ውስጥ ያለችውን፣ ከፍ ያለውን ድምፅ የምትፈራውን አንዲት ዘማሪ አያውቃትም። ዮሴፍ በፌብሩዋሪ 1790 ዓ.ም. ሞቶ ወንድሙ ሌኦፖልድ ዳግማዊ ሲነግሥ የደንቡ ጥብቅነት እየላላ ሄደ። ሞዛርት በባደን ብዕሩን ሲያነሣ በ46 ሜዠር ብቻ ጨርስ ብሎ ያዘዘው አልነበረም።

ማነስ በትእዛዝ ብቻ አይመጣም፤ በፍርሃትም ይመጣል። ይኸንኑ የላቲን ጸሎት ከሞዛርት 186 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1605 ዓ.ም. ያሳተመው እንግሊዛዊው ዊልያም በርድ ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የካቶሊክ ቅዳሴ በሕግ የተከለከለ ስለነበረ፣ የበርድ ሥራ የሚዘመረው በባለርስቶች ቤት ውስጥ፣ በጥቂት ሰው፣ በር ተዘግቶ ነበር። መጽሐፉ በእጁ ተገኝቶ የታሰረ ሰውም አለ። እዚያ ድምፅን ዝቅ ማድረግ የጥበብ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የጎረቤት ጆሮ ጉዳይ ነበር።

ወደ ባደኑ ኖታ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያስደንቀው ባዶነቱ ነው። ርዝመቱ ሜዠር በሚባለው የኖታ መስፈሪያ ሲቆጠር ከላይ እንደተባለው 46 ብቻ ነው። አካሄዱ «አዳጆ» ነው፤ ዝግ ያለ ማለት ነው። ስለ ድምፅ አያያዝ የሰፈረው መመሪያ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም «ሶቶ ቮቼ» ይላል፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ከፍ በሉ፣ ቀንሱ፣ ፍጠኑ የሚል ምልክት አይገኝም። ለብቻው ተነጥሎ የሚዘምር ባለ ድምፅ የለም። ሶፕራኖዎቹ የተለየ ጉሮሮ የሚጠይቅ ከፍታ ላይ አይወጡም። አራቱ ድምፆች በአብዛኛው አንዱን ቃል በአንድ ጊዜ ስለሚናገሩ፣ ጎረቤቱን እየሰማ የሚሄድ ዘማሪ መንገድ አይጠፋውም። መሣሪያዎቹም ሁለት ሜዠር ቀድመው ድምፁን ያሲዙታል፤ ከዚያ በኋላ ከሥር ሆነው ይደግፋሉ።

እስከዚህ የተባለው ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የማንኛውም መዝሙር መግለጫ ሊሆን ይችላል። ነገሩ የሚለወጠው ኖታውን ትቶ ዜማውን መከተል ሲጀመር ነው። ገና በመጀመሪያው ሰላምታ ላይ ሶፕራኖው በግማሽ ድምፅ፣ እንደገናም በግማሽ ድምፅ ዝቅ እያለ ይንሸራተታል። ርቀቱ ትንሽ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ግማሽ ድምፅን ሳይስቱ መርገጥ ሰፊ ዝላይ ከመዝለል ይልቅ የነቃ ጆሮ ይሻል። ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ አካሄዱ ዝግ ብሎ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲናገር፣ አንድ ሰው ቢያዘነብል የሚሸሽግበት ጫጫታ የለም። መስቀሉ ከተነሣ በኋላ መሣሪያዎቹ ጥቂት ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ ከዚያም ጎኑ የተወጋው ቃል ሲመጣ ኅብረ ድምፁ ከተነሣበት ከዲ ሜጀር ርቆ ወደ ኤፍ ሜጀር ይሻገራል። ከዲ ሜጀር ሆኖ ሲታይ ይህ ሩቅ አገር ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን በዚህ ቦታ ላይ መለከት ያስነፋ ነበር። እዚህ ግን ዘማሪው መሻገሩን የሚያውቀው ከተሻገረ በኋላ ነው፤ እግሩ ከደጃፉ አልራቀም፣ አገሩ ግን ተለውጧል።

በመጨረሻው ልመና ላይ እስከዚያ አብረው የነበሩት ድምፆች ይለያያሉ። ላይኞቹ ሁለቱ ይጀምራሉ፤ ታችኞቹ ሁለቱ ያንኑ ሐረግ ይዘው ጥቂት ዘግየት ብለው ይከተላሉ። ስለ ሞት ሰዓት የሚናገረው ቃል ሲደርስ እንደገና ይገናኛሉ፤ ቃሉም ተደግሞና ተስቦ፣ የትንፋሽን ልክ እስኪነካ ድረስ ይረዝማል። ይህ ነው የሥራው እጅግ ከባድ ስፍራ፤ ከባድነቱም ማንኛውም ዘማሪ ሊለማመደው የሚችለው ዓይነት ነው።

የጥያቄው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞዛርት አስቸጋሪነትን ከሥራው አላወጣም፤ ከጉሮሮ አንሥቶ ወደ ጆሮና ወደ ትንፋሽ አዛወረው እንጂ። ከፍ ያለና ፈጣን ጉሮሮ የተፈጥሮ ዕድል ወይም የብዙ ዓመት ትምህርት ውጤት ነው፤ የትንሽ ከተማ መዘምራን ያን ሊያመጡ አይችሉም። ጎረቤትን ማዳመጥ፣ ድምፅን መቆጠብ፣ ትንፋሽን ማከፋፈል፣ ለግማሽ ድምፅ መጠንቀቅ ግን ከመምህር ጋር በትዕግሥት የሚገኙ ናቸው። ደራሲው መዘምራኑን የማይችሉትን አልጠየቃቸውም፤ የሚችሉትን ግን አንዲት ሳያስቀር ጠየቃቸው። የሚንቅ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። የማይቻለውን ብቻ ሳይሆን የሚቻለውንም ያስቀርላቸውና ባዶ እጃቸውን «ይህ ለእናንተ በቂ ነው» ይላቸዋል። ለሕፃን ልጅ የሒሳብ ጥያቄ የሚያዘጋጅ መምህር ቁጥሩን ያሳንሳል፤ መልሱን ግን ጽፎ አይሰጥም።

ይህ ፍርድ ከደራሲው ላይ ያልነበረ ሐሳብ መጫን ነው የሚል ይኖራል። ሞቴቱ ለወዳጅ ውለታ በችኮላ የተጻፈ ነው፣ ቀላልነቱም ከችኮላ የመጣ ነው ሊባል ይችላል። ለዚህ ክርክር ጥሩ ምስክር የሚሆን ሌላ ሥራ በዚያው ዓመት ተጽፏል። ሞዛርት በማርች 3፣ 1791 ዓ.ም. በሰዓት መዘውር ለሚነፋ፣ ማንም ለማይነካው የማሽን ኦርጋን አንድ ፋንታዚያ ጻፈ። ትእዛዙ የመጣው በቪየና የሰም ምስሎች ያሳይ ከነበረ ሰው ነው፤ ቀደም ሲል ለዚሁ ሰው ይሠራ በነበረበት ጊዜ ደራሲው ሥራው እንደሚያሰለቸው ለባለቤቱ በደብዳቤ ገልጾላታል። ማሽን ጣት የለውም፣ አይደክምም፣ አይሳሳትም። ሞዛርትም ለማሽኑ ምንም አልራራለትም፤ ድምፅ በድምፅ ላይ የሚሳደድበት፣ ዛሬ ሰው በኦርጋን ሊጫወተው ሲነሣ ላብ የሚያስጠርገው ውስብስብ ድርሰት ሰጠው። ከሦስት ወር ተኩል በኋላ ለባደን መዘምራን የጻፈው ሰው እንግዲህ መወሳሰብ ያቃተው ሰው አልነበረም። ለሚሰለቸው ሥራ እንኳ ድካሙን የማይሰስት ሰው ለወዳጁ ሲሆን በችኮላ አቀለለ ማለትም አያሳምንም። ለማን እንደሚጽፍ ያውቅ ነበር።

ደራሲው ከስድስት ወር በኋላ፣ በዲሴምበር 5፣ በ35 ዓመቱ ስለሞተ፣ ስለ ሞት ሰዓት በሚለምነው በዚህ መዝሙር ውስጥ የራሱን መጨረሻ ተንብዮበታል የሚሉ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። ይህ ለልብ ወለድ ይስማማል። የገደለው በሽታ የጣለው በኖቬምበር ነው፤ በጁን ወር ያሳስበው የነበረው የባለቤቱ እርግዝና ነበር። ልጁም በጁላይ 26 ተወለደ። ሞትን በመዝሙሩ ውስጥ ያስገባው ጸሎቱ ነው፤ ጸሎቱ ደግሞ የሁሉም ነው፣ የሞዛርት ብቻ አይደለም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የእምነት ነው። ቃሉ የሚናገረውን የማያምን ሰው ከዚህ ሥራ ምን ድርሻ አለው? አንዳንዱ መልሱን በአጭሩ ይቆርጠዋል፤ ቃሉን ትቶ ዜማውን መውሰድ ነው ይላል። ይህ መልስ አሳቢ ቢመስልም እርሱም የንቀት ዘመድ ነው። የዜማው ቅርፅ ከቃሉ የተቀዳ ነውና፣ ኅብረ ድምፁ ለምን በዚያ ቦታ ላይ እንደራቀ፣ አራቱ ድምፆች ለምን በመጨረሻው ልመና ላይ እንደተለያዩ የሚያስረዳው ቃሉ ብቻ ነው። ቃሉን የጣለ ሰው ውብ ድምፅ ይሰማል፤ ሥራውን ግን አልሰማም። ሞዛርት ራሱ በካቶሊክነት የተወለደና ያደገ፣ ከ1784 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፍሪሜሶን ማኅበር አባል የነበረ ሰው ነው፤ በእርሱ ዘንድ ሁለቱ የተጣሉበት ምልክት አይታይም። ከማያምነው አድማጭ የሚጠበቀው እምነት ሳይሆን ፍትሕ ነው፤ የሚለምኑት ሰዎች ምን እንደሚለምኑ ማወቅና ልመናቸውን እንደ ጌጥ አለመቁጠር።

የዚህ ሞቴት ኋለኛ ታሪክም ለጥያቄው ይናገራል። ሞዛርት በ1770 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ሮም ውስጥ በሲስቲና ጸሎት ቤት የግሬጎርዮ አሌግሪን «ሚዜሬሬ» ሰምቶ በቃሉ ይዞ እንደጻፈው አባቱ በደብዳቤ መዝግቧል። ያ ሥራ የዚያ ጸሎት ቤት ብቻ ሀብት ሆኖ በጥንቃቄ የሚጠበቅ፣ በሕማማት ሳምንት ብቻ፣ በተመረጡ የጳጳሱ መዘምራን የሚዜም ነበር፤ ከክብሩ ገሚሱ የሚመነጨው ከመዘጋቱ ነበር። ፍራንዝ ሊስት በ1862 ዓ.ም. ይህን የተዘጋ ሥራና ያንን ለትንሽ ደብር የተከፈተ ሞቴት በአንድ ድርሰት ውስጥ አገናኛቸው። በ1887 ዓ.ም. ደግሞ ቻይኮቭስኪ ከሊስት የተገኘውን የሞቴቱን ቅጂ ወስዶ «ሞዛርቲያና» በተባለው ሥራው ውስጥ ለኦርኬስትራ አዘጋጀው። የሁለቱም ፍቅር አያጠራጥርም። ነገር ግን ሥራው ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ሲገባ አስቸጋሪነቱ ከጆሮ ተነሥቶ ወደ ሊቃውንት ጣት ተመለሰ፤ የደብሩ ዘማሪ ከመድረክ ወርዶ ከአድማጮች ጋር ተቀመጠ። ኦርኬስትራው ሲያበቃ ጭብጨባ ይኖራል። በባደን ቤተ ክርስቲያን ጭብጨባ አልነበረም።

ኮርፑስ ክሪስቲ የሚባለው የቅዱስ ቁርባን በዓል በዚያ ዓመት የዋለው ሐሙስ ጁን 23 ቀን ነው፤ ሞቴቱም የተዘጋጀው ለዚያ በዓል እንደሆነ ይታመናል። ኖታው በተጻፈበት ዓርብና በበዓሉ መካከል ስድስት ቀን አለ። በስድስት ቀን ውስጥ አንድ መምህር ጉሮሮ ሊሠራ አይችልም። ስድስት ቀን የሚበቃው ሶፕራኖዎቹን በግማሽ ድምፅ ላይ ሳያዘነብሉ እንዲወርዱ ለማለማመድ፣ ባሶቹ ላይኞቹን ጠብቀው እንዲገቡ ለማድረግ፣ በመጨረሻው ረጅም ቃል ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትንፋሽ እንዳያነሡ ተራ ለማስያዝ ነው። ለኦርጋኒስቱም የሚነገር ነገር አለ። መዘምራኑ ከጨረሱ በኋላ መሣሪያዎቹ ጥቂት ሜዠር ብቻቸውን ይቀራሉ፤ በእነዚያ ሜዠሮች ውስጥ የሚታይ ጥበብ፣ የሚያስጨበጭብ ነገር አልተጻፈም። ድምፁን እንደያዘ፣ ሳይጨምርበት፣ የመጨረሻው ኅብረ ድምፅ ልኩን እስኪሞላ ድረስ ጣቱን ከቁልፉ ላይ ማቆየት ብቻ ነው።